መሬት መሬቱን የሚያዩ ሽማግሌዎች

ፍኖተ ሰላም ላይ ጫማ እሸጣለሁ። ሱቄ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሰው ፊቱን ታጥቦ፣ ነጠላውን አንጥቶ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ይገባል፤ ጫማውን ሲያወልቅ ግን ያው የሆነውን ሆኖ ቁጭ ይላል። ማን ለወንድሜ ነው ብሎ ለራሱ እንደሚገዛ ዐውቃለሁ። ማን የአንዱን እግር ጫማ ከሌላው አስበልጦ ስለሚፈልግ ሁለት ጥንድ ገዝቶ አንድ አንዱን እንደሚጥል ዐውቃለሁ። ለዚህ ይሁን በተፈጥሮዬ፣ የአገሬን ሰው እምብዛም አልወደውም። ይህንንም የምጽፈው ለማስታረቅ አይደለም።

ሱቁ ውስጥ መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ኋላ አንድ በርጩማ ተቀምጧል። እኛ ዝሆኔ የምንለው በሽታ የያዛቸው፣ እግራቸው ያበጠ ሰዎች ከሰው ዓይን ርቀው ጫማ የሚለኩት እዚያ ነው። አብዛኞቹ የሌላ ከተማ ሰዎች ናቸው። የቡሬው ሰው እንዳይታይ ወደ እኔ ይመጣል፤ የእኛው ደግሞ እንዳይታይ ቡሬ ይሄዳል። መንገድ ላይ እንደሚተላለፉ እያሰብኩ ብዙ ጊዜ ብቻዬን ስቄያለሁ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም። ከመጋረጃው ኋላ ያየሁትን ከመጋረጃው ፊት አውርቼ አላውቅም ነበር።

በሽታው ከቀዩ አፈር ነው። ባዶ እግር ለዓመታት ሲረግጠው ደቃቁ አፈር በቆዳ ይገባና እግርን ያሳብጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። በሳሙና የታጠበ፣ የደረቀ፣ ቅባት የተቀባ፣ ካልሲና ጫማ ያደረገ እግር ጨርሶ ይድናል ባይባል እንኳ ይቀላል። ይህን በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ በሥዕል ለጥፈውታል። ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ልጆችም ጉሮሯቸው እስኪደርቅ አስተምረዋል። ሰዉ አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማና ቤቱ ሲገባ፣ የሞተ እባብ አጥንት ረግጠው ነው ይላል። አለዚያም ዘር ነው ይላል። በተለይ ዘር የምትለዋን ቃል ይወዳታል።

ይህችን ቃል በዚህ ዘመን የማንሰማበት ቦታ የለም። መንገድ ላይ በአነጋገራችን ተለይተን፣ መታወቂያችን ታይቶ ከመኪና ወረድን እያልን እናማርራለን። ልክ ነን። እኔም ወርጃለሁ፤ ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም። ምን እንደሠራሁ ሳይጠይቅ፣ ከየት እንደተወለድኩ ብቻ አይቶ ዳር ያቆመኝን ሰው ፊት አልረሳውም። አብሮኝ የወረደ አንድ ጎረቤቴ ነበር፤ ሰው እንዴት በዘሩ ይለያል እያለ ቀኑን ሙሉ ሲንገበገብ ዋለ። ወደ ቤታችን ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እግራቸው ያበጠ አንዲት ባልቴት ከአጠገቡ ሊቀመጡ ጎንበስ ሲሉ፣ ይኸው ሰው አፍንጫውን በነጠላው ይዞ ወደ ኋላ ወንበር ተዛወረ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ምንም አልታወቀውም። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰዎች ስለ ክብራቸው ሲያወሩኝ ዝም ብዬ ጫማቸውን አያለሁ።

እንዲህ የሚያናድደኝ በእህቴ ምክንያት ነው። ታላቄ ናት፤ እታለም እላታለሁ። ከማንኩሳ ወረድ ብሎ በእግር በሚያስኬድ ገጠር፣ አፈሩ እንደ በርበሬ በቀላበት ቀበሌ ትኖራለች። ሁለታችንም እዚያው በባዶ እግራችን ነው ያደግነው። እኔን ገና በልጅነቴ ከተማ ያለች አክስታችን ወሰደችኝና ጫማ አደረግሁ። እሷ እዚያው ቀረች፤ አረመች፣ አጨደች፣ ውኃ ቀዳች፣ አገባች፣ ወለደች። በመካከላችን ያለው ልዩነት ይኸው ብቻ ነው፤ እናታችን አንድ ናት፣ አባታችንም አንድ ነው። ዘር ነው ለሚሉኝ ሰዎች ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ እግሬን አሳያቸዋለሁ። አይተው፣ አንቺን እግዚአብሔር አውጥቶሽ ነው ይሉኛል። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ምን ይወራል?

እታለም የአንዲት የማርያም ማኅበር አባል ናት። ተራዋ ደርሶ ስትደግስ ጠምቃ፣ ጋግራ፣ ቤቷን ለቅልቃ ትጠብቃለች። ሴቶቹ ይመጣሉ፤ መምጣት እንኳ ይመጣሉ። አንድ ጊዜ እኔም ሄጄ ነበር። ጠላው ተቀዳና ከፊታቸው ተቀመጠ፤ አንዷ ጨጓራዬን አሞኛል አለች፣ ሌላዋ መድኃኒት ላይ ነኝ አለች፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ፆም ይዣለሁ አለች። ጊዜው ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳው ቀን ነበር፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይፆምበት ወቅት ሴትዮዋ ፆመኛ ሆነች። ቄሱ እዚያው ተቀምጠው ሰሙ፤ ጢማቸውን ዳሰሱና ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። እታለም ጠላውን ወደ ጋኑ መልሳ ስትገለብጥ አየኋት። ከዚያች ሴትዮ ጋር እስከ ዛሬ ሰላም አንባባልም።

ወደ ጤና ጣቢያ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ነርሷ ውኃ ውስጥ ትንሽ በረኪና ጠብ አድርጋ፣ በሳሙና እንዴት እንደምትታጠብ፣ በጣቶቿ መካከል እንዴት እንደምታደርቅ፣ ማታ ማታ እግሯን ከፍ አድርጋ እንድትተኛ በትዕግሥት አሳየቻት። እታለም አንዴ ነበር የተነገራት፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አላስታጎለችም። ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄጄ በልኳ ከቆዳ አሰፋሁላት። በየጊዜው ያጋድማት የነበረው ትኩሳትና ቃጠሎ ተዋት፤ ሽታው ጠፋ፤ እብጠቱም ጎደለ። ሰዉ ግን እንደ ድሮው ፆመኛ ነው።

የእታለም ሴት ልጅ ቡሬ ፋብሪካ ተቀጥራ ትሠራለች። ትምህርት የጨረሰች፣ ስልኳን የማትለቅ፣ ስለ ሴቶች መብት የተጻፈ ነገር ባየች ቁጥር ለእኔ የምትልክልኝ ልጅ ናት። እዚያው የሚሠራ ልጅ ወደደች። አባቱ ስለሞተ ያሳደገው አጎቱ ነው፤ አጎትዬው በአካባቢው የታወቁ፣ ለስንቱ ሽምግልና የሚቀመጡ ሰው ናቸው ተባለ። በጥቅምት ማለቂያ ሽማግሌ ሊልኩ ቀን ቆረጡ።

የእህቴ ባል ሱቅ ድረስ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ስለ ጤፉና ስለ ማዳበሪያው አወራኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ አላውቅም። ዞሮ ዞሮ ነገሩን አመጣው። ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት ቀን እታለም ጓዳ ትሁን፣ አንቺ በእናት ቦታ ተቀመጭ አለኝ። ለአንድ ቀን ነው አለ። ጫማ በእጄ ይዤ ነበርና እንዴት ሳልወረውረው እንደቀረሁ እንጃ። ሱቄን ለቅቆ እንዲወጣ ነገርኩት።

በማግስቱ እታለም ደወለች። ሐሳቡ የልጅቷ እንደሆነ፣ አባትየውን የላከችው እሷ እንደሆነች ነገረችኝ። ድምፅዋ አልተለወጠም። ለልጄ ብለሽ ነይ አለችኝ። ይህን ያለችኝ እሷ ባትሆን እግሬን አላነሳም ነበር።

በቀኑ ሄድኩ። አዲስ ቀሚስ ለብሼ፣ እህቴ በለቀለቀችው ቤት፣ እህቴ በጠመቀችው ጠላ ፊት፣ በእህቴ መቀመጫ ላይ እናት ሆኜ ተቀመጥኩ። እሷ ከመጋረጃው ኋላ፣ ጓዳ ውስጥ ናት። ልጅቷ አጠገቤ ቆማ ነጠላዋን በጣቷ ትጠቀልላለች። ደስ ብሏታል፣ ፈርታለች፣ አፍራለችም፤ ሦስቱንም ፊቷ ላይ አየሁ። ልጠላት ሞከርኩ፤ ያን ቀን አልሆነልኝም።

ሽማግሌ ሲገባ አንገቱን ይደፋል። ሰው ትሕትና ይለዋል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እግር ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የሚያዩትን ዐውቃለሁ። ከደጃፍ ጀምሮ የውኃ ቀጂዋን፣ የወጥ ቤቷን፣ የአባትየውን፣ በግቢው ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ እግር እያዩ ይገባሉ። ልጅት መልክ አላት የላትም የሚለው ኋላ ይደርሳል። ያን ቀን የመጡትም ሦስቱም መሬት መሬቱን እያዩ ገቡ።

ከፊት ያሉት አጎትዬው ነበሩ። ነጭ ጋቢ፣ ጭራ፣ የተከረከመ ጢም። ከታች ደግሞ በዚያ ሁሉ የጥቅምት ፀሐይ፣ ምድሩ ደርቆ አቧራው በሚጨስበት ቀን፣ የጎማ ቦቲ። ያን ቦቲ ዐውቀዋለሁ። ባለፈው ክረምት ከመጋረጃዬ ኋላ ተቀምጠው፣ ለታናሽ ወንድሜ ነው፣ እግሩ የእኔን ያህላል ብለው ካሉኝ ሁሉ ትልቁን ለክተው የገዙት እኒሁ ሰው ናቸው። እግራቸውን አይቻለሁ፤ ሁለቱንም። እሳቸውም ቀና ብለው እኔን አዩኝ። አወቁኝ። ጭራቸውን አንድ ጊዜ ወዝወዝ አድርገው ከመደቡ ላይ ተቀመጡ። ጫማ ሻጭ ናት፣ አፏን ትዘጋለች ብለው እንደተማመኑብኝ ገባኝ። ቀድሞ ያናደደኝ ይኸው መተማመናቸው ነው።

በእኛ አገር ከመንገድ የመጣ እንግዳ፣ ያውም ሽማግሌ፣ እግሩን ሳይታጠብ ወግ አይጀመርም። የእህቴ ባል ግን ሆን ብሎ ውኃውን አስቀርቶታል፤ ውኃ ከመጣ ሰው ጎንበስ ቀና ይላል፣ እግርም ይታያል ብሎ ፈርቷል። ሽማግሌዎቹም አልጠየቁም። በሁለቱም በኩል የተፈራው አንድ ነገር እንደነበረ ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ስለ መኸሩና ስለ መንገዱ መዘጋት ከተወራ በኋላ አጎትዬው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዘመድ ልንሆን ነው የመጣነው ብለው ጀመሩና የልጁን ጨዋነት፣ የቤታቸውን አጥንት ዘረዘሩ። ከዚያ ዓይናቸውን ከወለሉ ሳያነሡ፣

"የአገር ወግ ነው፤ አይክፋችሁ" አሉ። "በዚህ ቤት ዘር እግሩ የከበደ ሰው አለ ወይ? እኛ ዘንድ የለም፤ ኖሮም አያውቅ። ወደ ልጅ ልጆቻችን እንዲገባብን አንሻም።"

የእህቴን ባል አየሁት። ከጓዳው መጋረጃ እስከ ተቀመጠበት ድረስ የአንድ ሰው ቁመት አይሆንም። አብራው ሠላሳ ዘመን ግድም የኖረች፣ ያረመችለት፣ የወለደችለት ሴት ትንፋሿ ይሰማዋል።

"የለም" አለ።

ተናደድኩ። ፈገግ አልኩና፣ እንግዶች ከመንገድ መጥተው እግራቸው ሳይታጠብ ምን ዓይነት ቤት ነው ብዬ ውኃ እንዲመጣ ጠራሁ። አጎትዬው ግድ የለም፣ አልደከመንም አሉ። በእኔ እናትነት ጊዜማ እንግዳ ከነአቧራው አይቀመጥም ብዬ ደግሜ ጠራሁ። ላዋርዳቸው ነበር። ይህን አልሸሽግም፤ ቦቲው እንዲወልቅ ፈልጌ ነው የጠራሁት። ውኃውን ልጅቷ ወይም ጎረቤት ታመጣዋለች ብዬ ነበር።

መጋረጃው ተገልጦ እታለም ወጣች። በአንድ እጇ ሳፋ፣ በሌላው ጆግ ይዛለች፤ ትከሻዋ ላይ ፎጣ ጣል አድርጋለች። እኔ ያሰፋሁላትን ጫማ አድርጋ፣ እግሯን እየሳበች፣ ቀሚሷን እንኳ ሳታወርድ በሰው ሁሉ መካከል ሄደች። ከሽማግሌው እግር ሥር ተንበረከከችና ሳፋውን አኖረች።

"የልጅቷ እናት እኔ ነኝ፣ አባቴ" አለች። "ይታጠቡ።"

ልጅቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እታለም ቦቲውን ልታወልቅ እጇን አሳረፈች። ቆም አለች። ጎማው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ እጇ ነገራት፤ ከእሷ ወዲያ ማን ያውቃል? እጇን ቀስ ብላ አነሣች። የሰውየውን ጋቢ ጫፍ ሳብ አድርጋ ቦቲው ላይ አለበሰችውና፣ ደክሞዎታል፣ እንዲሁ ይረፉ ብላ ሳፋዋን ይዛ ወደ ሁለተኛው ሽማግሌ ልታልፍ ተነሣች።

ሸፈነችላቸው። እኔ ግን እታለም አይደለሁም።

"በዕድሜ የሚበልጡት ሳይታጠቡ ወዴት ነው የምታልፊው?" አልኳት። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞርኩ። "አባቴ፣ ያ ቦቲ ከእኔ ሱቅ የወጣ ነው። እርስዎም እኔን፣ እኔም የእርስዎን እግር እናውቃለን። ያውልቁትና ዘር ያሉትን አብረን እንየው።"

አላወለቁትም። ነገር ግን ሁለቱንም እጃቸውን ሰደው የቦቲውን አፍ ጨብጠው ያዙ፤ ሰው ሊነጥቃቸው የመጣ ይመስል። ከዚያ በላይ ማስረጃ አላስፈለገም። አብረዋቸው ለስንቱ ቤት ሽማግሌ ሆነው የዞሩት ሁለቱ ሰዎች፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ መደቡ ላይ ቀስ እያሉ ፈቀቅ አሉ። አውቀው ያደረጉት እንኳ አይመስለኝም። ሰውየው መካከል ላይ ብቻቸውን ቀሩ።

ሲወጡ ማንም አልሸኛቸውም። እታለም ሳፋውን ደጅ ደፍታ ተመለሰችና ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ተቆጣችኝ። የሰው ገመና ምን አድርጎሽ አወጣሽው አለችኝ። አንቺንስ ማን ሸፈነሽ አልኳት። ከመጋረጃዬ ኋላ ያየሁትን ያወራሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ አልጸጸትበትም። ዛሬም ቢሆን አወራዋለሁ።

የሁለቱም ቤት በሽታ ያለበት ሆኖ ሲገኝ፣ ጤነኛ አእምሮ ያለው ሰው እንግዲያ ተካክለናል፣ ማፈሩ ይብቃ ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። የአገሬን ሰው እስካሁን አላወቅሁትም ማለት ነው። የልጁ ዘመዶች ተሰብስበው፣ ከአንድ ወገን ቢሆን ይቻል ነበር፣ ከሁለት ወገን ከመጣ ግን የሚወለደው ልጅ ከማኅፀን እግሩ አብጦ ይወጣል አሉ። ከመካከላቸው አስተማሪ አለ፤ ወረዳ ቢሮ የሚሠራም አለ። ጋብቻው ቀረ ተባለ። ልጅቷ ለሳምንታት እናቷን በስልክ አላነጋገረችም። ለምን ወጣች ነው ጥያቄዋ። የተጠየቀችው እናት እንጂ ጠያቂዎቹ አልነበሩም።

ጋብቻውን ያዳነው ልጁ ነው። ሽማግሌ የምትሉትን ተዉትና እኔ ቡሬ ላይ ቤት ተከራይቼ ይዣት እገባለሁ አላቸው። ይህን ሲሰሙ ደነገጡ፤ ያለ ወግ መግባት ከበሽታውም የባሰ ነውር ሆነባቸው። ሰው እየተላላከ ታረቁ፤ ሰርጉም ለጥር ተቆረጠ። የዕርቁን ውል ልጅቷ ሱቄ መጥታ ነገረችኝ። ለሰርጓ ነጭ ባለተረከዝ ጫማ ልትመርጥ ነበር የመጣችው። በሰርጉ ቀን ከሁለቱም ወገን እግሩ ያበጠ ሰው ዳስ ውስጥ እንዳይታይ ተስማምተዋል።

"እናትሽስ?" አልኳት።

"አክስቴ፣ ፎቶ አለ፣ ቪዲዮ አለ" አለች። "እማዬም እሺ ብላለች።"

ጫማውን ላስለካት ተንበርክኬ ነበር። እግሯን በእጄ ይዤ አየሁት። ለስላሳ ነው፤ አንድ ስንጥቅ የለበትም። እታለም ባዶ እግሯን እየሄደች ለዚህች ልጅ ገና መራመድ ስትጀምር የፕላስቲክ ጫማ ከእኔ ሱቅ ትወስድላት ነበር፤ ሲጠባትም ሌላ። ይህንኑ ነገርኳት። ጥርሴን ነክሼ፣ ድምፄን ሳልጨምር፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። አለቀሰች፤ ዕንባዋ ጫማው ላይ ጠብ አለ። ከዚያ ጠረገችውና በልኳ መሆኑን ቆማ አየች። ጫማውን ይዛ ሄደች፤ ሐሳቧን ግን አልለወጠችም።

ሰርጉ ደመቀ። ጄኔሬተር ተከራይተው ድምፅ ማጉያ አቆሙ፤ ዳሱ ሞላ። የልጁ ወገኖች ጥሎሹን በሻንጣ አምጥተው ልብሱን፣ ሽቶውን፣ ፎጣውን አንድ በአንድ ከፍ እያደረጉ ለሕዝቡ አሳዩ፤ ሰዉም እልል አለ። ሻንጣው ተዘግቶ ወደ ጓዳ ገባ። እኔ አሁንም በእናት ወንበር ተቀምጫለሁ፤ በዚህ ጊዜ ያስቀመጠኝ የሁለቱ ቤት ውል ነው። ካሜራ ያዡ ልጅ ወደ እኔ በመጣ ቁጥር ፊቴን አዞርኩበት። በዚያ ቪዲዮ ውስጥ ፈገግ ያልኩበት ቦታ የለም።

ለእታለም ምግብ ይዤ ጓዳ ስገባ ብቻዋን አልነበረችም። በኋላ በር አጎትዬውን አስገብተዋቸዋል። ጫጫታው እንዳይረብሽዎ ብለው የራሳቸው ዘመዶች ናቸው ያመጧቸው። ያን ሁሉ ዘመን በየሰርጉ የክብር ቦታ ይዘው የመረቁት ሰው፣ ያሳደጉት ልጅ በሚያገባበት ቀን በእህል ጆንያ ላይ፣ ከጋኖቹና ከሽንኩርቱ መካከል ተቀምጠዋል። ጭራቸውን አልያዙም። እኔ እሰይ አልኩ፤ በአፌ ሳይሆን በሆዴ። ምግቡን ለእህቴ ብቻ አቀረብኩና ወጣሁ።

ቆይቼ ስመለስ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ደነገጥኩ። ቦቲው ወልቋል። ግድግዳው ሥር ተደርድሯል። የሰውየው እግር ሳፋ ውስጥ ነው፤ ቤቱ በረኪና በረኪና ይሸታል። እታለም ተንበርክካ በሳሙና ታጥባቸዋለች። እንዲህ ያለ እግር አይቼ አላውቅም፤ የእሷ በጭራሽ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ሲደበቅ፣ በጎማ ውስጥ ሲታፈን፣ ለማንም ሳይታይ ስንት ዓመት ቆስሎ የኖረ እግር ነው። ሰውየው ግድግዳውን ያያሉ። እሷ ደግሞ ነርሷ የነገረቻትን ቃል በቃል ትነግራቸዋለች፤ በጣቶቹ መካከል ውኃ እንዳይቀር፣ ያለ ካልሲ እንዳይጫሙ፣ ማታ ከፍ አድርገው እንዲተኙ። ከውጭ ጭብጨባው ያናውጣል።

መታገሥ አልቻልኩም። ምን እያደረግሽ ነው አልኳት። እዚህ ጓዳ የከተተሽ ይህ ሰው ነው፤ ባልሽ "የለም" ብሎ የካደሽ በዚህ ሰው ጥያቄ ነው። እሳቸው እየሰሙ ነው የተናገርኩት፤ እንዲሰሙልኝ ነበር። ጫንቃቸው አንዴ ነቅነቅ አለ እንጂ አልዞሩም።

እታለም እጇን ከውኃው ሳታወጣ ቀና ብላ አየችኝ።

"እግሩ ምን አጠፋ?" አለችኝ።

ሰውየውን አሁንም እጠላቸው ነበር፤ ዛሬም አልወዳቸውም። እሷ መልሳ ጎንበስ አለችና የሚያደርቅ ነገር አቀብይኝ አለችኝ። ዞር ዞር ብዬ ፈለግሁ፤ ፎጣዋን ለወጥ ቤት ወስደውባታል። የሙሽራዋ ሻንጣ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ከፈትኩትና ሕዝብ እልል ካለለት ጥሎሽ መካከል ነጩን፣ አዲሱን ፎጣ መዘዝኩ። ለእሳቸው አልሰጠሁም፤ ለእህቴ ሰጠኋት። እሷም ከጣቶቻቸው መካከል አንድ በአንድ ማድረቅ ጀመረች።